ካርቫ ቾትን በቤት ሲጾሙ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ካርቫ ቾት በሰሜን ሕንድ፣ በተለይ በፑንጃብ፣ በሃርያና፣ በራጃስታንና በኡታር ፕራዴሽ፣ ያገቡ የሂንዱ ሴቶች ለባላቸው ዕድሜና ጤና የሚጾሙት የአንድ ቀን ጾም ነው። ከንጋት ጀምሮ ጨረቃ እስክትወጣ እህልም ውሃም አይቀመስም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ነው።

ቀኑን በአምናው መገመት
ጾሙ የሚውለው በሂንዱ አቆጣጠር በካርቲክ ወር፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባለው አራተኛው የጨረቃ ቀን ነው። ስለዚህ ይንቀሳቀሳል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ጥቅምት 21፣ በ2017 ጥቅምት 10፣ በ2018 መስከረም 30 ቀን ዋለ። ጉጃራትና ማሃራሽትራ ወሩን አሽዊን ይሉታል፤ ቀኑ ግን ያው ነው።

ሳርጊን እንደ ግብዣ መብላት
ሳርጊ በፑንጃብ ልማድ አማት ለምራቷ የምትልከው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚበላ ምግብ ነው። በወተት የተሠራ ፌኒ (እንደ ፀጉር የቀጠነ የዱቄት ክር)፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ ኮኮናት፣ ጣፋጭና ማትሪ የሚባል ጨው ያለው ጥብስ ብስኩት ይኖርበታል። ስህተቱ ማትሪውንና አቻሩን (በጨውና በቅመም የተዘፈዘፈ አትክልት ወይም ፍራፍሬ) አብዝቶ፣ በላዩ ላይ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ነው። ጨው ገና ከረፋዱ ያስጠማል፤ በአንዴ የተጠጣውም ውሃ ቶሎ በሽንት ይወጣል። ፌኒውን፣ ሙዙንና ለውዙን ያስቀድሙ፤ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውሃ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ከሰዓት በኋላ ራስን የሚፈልጠው ረሃቡ ብቻ አይደለም፤ የቡናና የሻይ ሱስም አለበት። ከሦስት አራት ቀን በፊት እየቀነሱ ቢመጡ ይቀላል። በብዙ የኡታር ፕራዴሽ ቤቶች ሳርጊ የለም፤ የባልን ቤት ልማድ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሕመምን ደብቆ መጾም
ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ያለ ውሃ ልትውል አይገባም። ልማዱ ራሱ መውጫ አለው፤ በፍራፍሬ፣ በወተትና በውሃ የሚጾሙ ብዙ ናቸው። ይህ ጾሙን አያሳንሰውም። መድኃኒትን ግን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አይገባም።

ካርቫውን ሳያዘጋጁ መሙላት
ካርቫ ጡት ያላት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት። አዲስ ሸክላ ውሃ ስለሚመጥ ማታ ለጨረቃ የሚፈሰው ውሃ ጎድሎ ይገኛል፤ ከሥሯ ያለው ጨርቅም ይርሳል። ከዋዜማው ውስጧን ብቻ ውሃ ሞልተው ያሳድሯት። በቀለም ያጌጠች ከሆነች ግን ሙሉዋን አይንከሩ፤ ቀለሙ ይለቃል። ቀዩ ክር በአንገቷ የሚታሰረው ከደረቀች በኋላ ነው።

ታሪኩን ከጨረቃ በኋላ ማንበብ
ፑጃው (የአምልኮ ሥርዓቱ) የሚደረገውና የቪራቫቲ ታሪክ የሚነበበው አመሻሽ ላይ፣ ጨረቃ ሳትወጣ ነው። የሰባት ወንድሞች እህት የሆነችው ቪራቫቲ ወንድሞቿ እሳት አንድደው በወንፊት ሲያሳዩዋት ጨረቃ መስሏት ጾሟን ገደፈች፤ ባሏም ሞተ። ታሪኩ አስቀድሞ የሚነበበውም ይህን ልብ ብሎ ለመጠበቅ ነው።

የሌላ ከተማ ሰዓት መያዝ
በዴልሂ ጨረቃዋ የምትወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሙምባይ ላይ ትዘገያለች። በዱባይ ወይም በአዲስ አበባ የሚጾም ሰው የሚኖርበትን ከተማ ሰዓት ይፈልግ። የተጻፈው ሰዓት የአድማስን ነው፤ ሕንፃ ወይም ተራራ ካለ ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጨመራል። ደመና ከሆነ ብዙዎች ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዞረው ውሃውን ያፈሳሉ። ዘመድ በስልክ የላከው ፎቶ ግን የእርስዎን ሰማይ አያሳይም።

ፕላስቲክ ወንፊት
ጨረቃ በምትታይበት ወንፊት ላይ የሚቀመጠው መብራት በንጥር ቅቤና በጥጥ ፈትል የሚነድ ስለሆነ የብረት ወንፊት ይያዙ። የነጠላውንም ጫፍ ወደ ኋላ ይሰብስቡ፤ ናይሎን ያለበት ጨርቅ ቶሎ ይቀጣጠላል። በወንፊቱ ጨረቃን፣ ቀጥሎም የባልን ፊት ያያሉ፤ የመጀመሪያውን ጉንጭ ውሃ የሚያጠጣው እሱ ነው።

ወዲያው ጥብስ መብላት
ባዶ ሆድ ላይ ዘይት የጠጣ ፑሪ (በዘይት የተጠበሰ ቂጣ) ያቅለሸልሻል። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ፣ ከዚያ ትንሽ ጣፋጭ ወይም ፍራፍሬ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ምስርና ሩዝ ይብሉ። ፑሪው ከፈለጉት በመጨረሻ ይምጣ።