ዎልአይ በታንኳ፦ ግንቦት ላይ ዓሣው እምቢ ሲል ችግሩና መፍትሄው

በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከኢሊ ከተማ ወዲያ፣ ባውንደሪ ዋተርስ በሚባለው ጥብቅ የዱር ሥፍራ ውስጥ ከሺህ በላይ ሐይቆች አሉ። ከ1978 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ በአብዛኞቹ ላይ ሞተር የተከለከለ ስለሆነ ያለው ምርጫ ታንኳና መቅዘፊያ ነው። ከሚኒያፖሊስ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ ድረስ የሚያስሄደው ዓሣ ደግሞ ዎልአይ ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ እሾሁ ጥቂት፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የሚኒሶታ መለያ ዓሣ ነው።

የዎልአይ ወቅት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ አካባቢ፣ በእኛ ግንቦት መጀመሪያ ነው። ባዶ እጁን የቀረ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ማባበያውን ነው፤ ቀይ የነበረውን ቢጫ፣ ትል የነበረውን ሌላ ያደርጋል። ታንኳ ላይ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከዚያ በፊት ነው፤ ወይ ታንኳው አልቆመም፣ ወይ ቦታው አይደለም። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራው ፈትሹ። ቀለም የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው።

መንጠቆው ወለል መንካቱ አይታወቅም፤ ክሩ ሁልጊዜ ያጋድላል

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ኬቭላር ከሚባለው ቀላልና ጠንካራ ቁስ የተሠራ፣ አሥራ ሰባት ጫማ የሚረዝም ታንኳ ከ40 እስከ 45 ፓውንድ ቢመዝን ነው። ፖርቴጅ ላይ፣ ማለትም ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ተሸክመውት ሲያልፉ፣ ለትከሻ በረከት የሆነው ቅለት ውሃ ላይ ሲደርስ ጠላት ይሆናል። ለስለስ ያለ ነፋስ እንኳ ታንኳውን ሲገፋው ክሩ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ጂጉም፣ ያ እርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ፣ ከወለሉ ይነሣል። ዎልአይ በዚህ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ወለሉን ተጠግቶ ነው የሚቆየው፤ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነም ከበላዩ ሦስት ጫማ ከፍ ብሎ የሚያልፍን ነገር ለማሳደድ አይቸኩልም።

መፍትሄው መልህቅ ነው። ብረት ተሸክሞ ፖርቴጅ የሚያቋርጥ ግን የለም፤ ጠንካራ የመረብ ከረጢትና 50 ጫማ ገመድ ይበቃል፣ ድንጋዩ እዚያው ሞልቷል። ገመዱን ከታንኳው ጫፍ እሰሩት፤ ከጎን በፍጹም። ከጎኑ የታሰረ ታንኳ ማዕበል ሲመጣ ጎኑን ሰጥቶ ይጠብቀዋል፣ ይገለበጣልም። ቋጠሮው በአንድ እጅ ተስቦ የሚፈታ ይሁን። ገመዱን ከጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ያህል ልቀቁት፤ 12 ጫማ ውሃ ላይ 36 ጫማ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ከረጢቱ ወለሉን እየቧጨረ አብሯችሁ ይሄዳል።

መቆም ካልፈለጋችሁና እየተንሳፈፋችሁ ሰፊ ቦታ መፈተሽ ካሰባችሁ፣ ትንሽ ባልዲ በገመድ አስራችሁ ከኋላ ጣሉ፤ ውሃ ሞልቶት ሲጎተት ታንኳውን ያዘገየዋል። የጂጉን ክብደትም ከነፋሱ ጋር አስማሙ፤ ውሃው ጸጥ ካለና ጥልቀቱ ከአሥር ጫማ ካነሰ አንድ ስምንተኛ አውንስ ይበቃል፣ ነፋስ ካለ ሩብ አውንስ።

ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ አንዱ ይቅዘፍ፣ አንዱ ያጥምድ። ነፋስ ባለበት ሁለታችሁም ዘንግ ከያዛችሁ ማንም እያጠመደ አይደለም። ተራ መለዋወጫውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ዓሣው መብላት ከጀመረ በኋላ መቅዘፊያውን በፈቃዱ የሚቀበል ሰው አይገኝም።

ታንኳው ቆሟል፣ ጂጉ ወለል ይነካል፣ ግን ቀኑን ሙሉ የነካው የለም

ዓሣው እዚያ የለም ማለት ነው። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ሐይቁ ጭራሹን ዎልአይ የሌለበት ሊሆን ይችላል። በዚያ አካባቢ ጥልቅና ጥርት ያሉ፣ ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣ ብቻ የሚገኝባቸው ሐይቆች አሉ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ሌክፋይንደር በሚባለው መፈለጊያው ላይ በየሐይቁ የትኛው ዓሣ እንደተገኘ ያወጣል፤ ለብዙዎቹም የጥልቀት ካርታ አለው። ይህን ቤት ሳላችሁ እዩ፤ ዱር ከገባችሁ በኋላ ስልክ አይሠራም ብላችሁ አስቡ።

ሁለተኛው ምክንያት የቀን መቁጠሪያን ማመን ነው። ዎልአይ የሚራባው በረዶው እንደቀለጠ፣ ውሃው ከ42 እስከ 50 ፋራናይት (ከ6 እስከ 10 ሴልሺየስ) አካባቢ ሲሆን ነው። በረዶው የሚቀልጥበት ቀን ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ወቅቱ ሲከፈት ብዙ የሰሜን ሐይቆች ገና በረዶ እንደለበሱ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዓመት በግንቦት አጋማሽ የምታገኙት ዓሣ፣ በረዶው ቶሎ በለቀቀበት ዓመት ከሁለት ሳምንት በፊት እንደሚገኘው ነው የሚሆነው። ስለዚህ በክር የታሰረ ትንሽ ቴርሞሜትር ያዙ። ከማንኛውም ውድ ማባበያ ይልቅ ዋጋው የሚመለስ ዕቃ እሱ ነው።

ውሃው 50 ፋራናይት አካባቢ ከሆነ ወንዝ ወይም ጅረት ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን አፍ፣ በሁለት ሐይቆች መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ፣ ከፏፏቴ በታች ያለውን ገንዳ ፈልጉ። ዎልአይ እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠርና ድንጋይ ላይ፣ ውሃ በሚንቀሳቀስበት ነው። ከዚያም በኋላ ወንዶቹ ቶሎ አይርቁም፣ ትናንሽ ዓሣም እዚያ ይሰበሰባል። የሚኒሶታ ክብረ ወሰን የሆነው 17 ፓውንድ ከ8 አውንስ ዎልአይ የተያዘው በሜይ ወር 1979፣ ወደ ሳጋናጋ ሐይቅ በሚፈስሰው የሲገል ወንዝ ላይ ነው። ፈጣኑ ውሃ አናት ላይ ግን መልህቅ አትጣሉ፤ ፈጣኑ ውሃ ከጸጥተኛው ጋር በሚገናኝበት ዳር ላይ ቁሙና ጂጉን ፈጣኑ ውስጥ ጥላችሁ ወደ ጸጥተኛው እንዲወርድ ተዉት። ከ5 እስከ 15 ጫማ ጥልቀት ይበቃል። አንዳንድ የመራቢያ ቦታዎች በጸደይ ለማጥመድ ይዘጋሉና የዓመቱን ደንብና እዚያው የተለጠፈውን ምልክት አንብቡ።

ውሃው ከ55 ካለፈ ጅረቱ ላይ ሙጥኝ ማለታችሁን አቁሙ። ዓሣው መበተን ይጀምራል፤ ከአፉ ተነሥታችሁ በአቅራቢያ ያለውን የድንጋይ ጫፍ፣ የመጀመሪያውን ጥልቅ ወለል፣ አዲስ ሣር የበቀለበትን ዳር በየተራ ፈትሹ። ሰኔ ሲገባ በሐይቁ መካከል ያሉ የተሰወሩ የድንጋይ ጉብታዎችም ይጨመራሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ለመቅዘፍ የተመቸውን ዳር መምረጥ ነው። ታንኳ ያለው ሰው ነፋስ ወደማይመታው ዳር ይሸሻል። ነፋስ ግን ፀሐይ ያሞቀውን የላይኛውን ውሃ እየገፋ ወዲያ ማዶ ያከማቸዋል፤ ትናንሹ ዓሣም ዎልአዩም ይከተለዋል። ማዕበሉ ታንኳችሁን የማይፈትን ከሆነ፣ ደህና ዓሣ የሚገኘው ነፋሱ በሚመታው ዳር ነው። የሚፈትን ከሆነ ግን ቀጣዩን አንብቡ።

ነፋሱ በረታ፣ ታንኳው ውሃ መያዝ ጀመረ

ማጥመዱን ተዉት። መልህቁን ፍቱ፣ ካስፈለገም ከነገመዱ ጣሉት፤ ድንጋይ ነው። ከወንበር ወርዳችሁ ተንበርከኩ፣ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ሰያፍ አድርጋችሁ ወደ ቅርቡ ዳር ቅዘፉ። በግንቦት ውስጥ ያለ ውሃ ላይ የመጀመሪያው አደጋ ዋና አለመቻል አይደለም፤ ቅዝቃዜው በድንገት ትንፋሽ ያስወስዳል፣ በደቂቃዎች ውስጥም እጅ መያዝ ያቅተዋል። ላይፍ ጃኬት ከወንበር ሥር ሳይሆን ደረት ላይ፣ ተቆልፎ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ወንዝ ዳር ያደገ ዋናተኛም ያጥልቀው።

ማታ ይበላል፣ ቀን ይጠፋል

የዓይኑ ጉዳይ ነው። ዎልአይ በዓይኑ ውስጥ፣ በስተኋላ፣ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ትናንሹን ዓሣ ቀድሞ ያያል፣ በጠራራ ፀሐይና ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ግን ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥላው ይገባል። ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ በጠራራ ፀሐይ ሲያነሣ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በዚህ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስኪጨልም ድረስ ከሦስት እስከ ስድስት ጫማ የሆነ የድንጋይ ዳር ላይ ቁሙ። ቀኑን ማጥመድ የግድ ከሆነ ውሃው የሻይ መልክ ያለውን ሐይቅ ምረጡ፤ እዚያ ብርሃኑ ጠልቆ ስለማይገባ ዓሣው ቀንም ይሠራል።

ይነካካል፣ ማባበያውን ግማሽ ቆርጦ ይሄዳል

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዎልአይ ማባበያውን በአፉ ሳብ አድርጎ ይይዛል እንጂ አይነጥቅም። እንደተሰማችሁ ብትመነጭቁ ከአፉ ታወጡታላችሁ። የዘንጉን ጫፍ ትንሽ ወደ እሱ ዝቅ አድርጉ፣ ክብደት ሲሰማችሁ ቀስ ብላችሁ ግን ጠበቅ አድርጋችሁ አንሡ። አሁንም ከጠፋ ማባበያውን አሳጥሩ፣ ወይም ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ አውንስ ውረዱ። ክሩም ከስድስት እስከ ስምንት ፓውንድ የሚችል ይሁን፤ ወፍራም ክር ትንሹን ጂግ በደንብ አያወርደውም።

ማባበያው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አልቅት አገር ቤት የከብት መከራ ነው፤ እዚህ ግን በኩባያ ተሸጦ በክብር ይጓዛል። ፖርቴጅ ለሚበዛበት መንገድ ከትንሽ ሕያው ዓሣ ይልቅ ምቹ ነው፣ ቶሎ አይሞትም። ነገር ግን ውሃው ከ50 ፋራናይት በታች ከሆነ ተጠቅልሎ ኳስ ይሆናል፣ አይዋኝም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጂግ ላይ ትንሽ ዓሣ፣ ውሃው ሲሞቅ አልቅት ያዋጣል። የተረፈውን ማባበያ ሐይቅ ውስጥም ሆነ ጫካ ውስጥ አትድፉ፤ ክልክል ነው፣ ትሉም ለዚያ ደን ባዕድ ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ኦንታሪዮ ውስጥ ወዳለው ክዊቲኮ ፓርክ ከገባችሁ ደግሞ ሕያው ማባበያ ጨርሶ አይፈቀድም፣ መንጠቆውም ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የሌለው መሆን አለበት፤ የላስቲክ ትል ይዛችሁ ሂዱ።

ክሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል

ፓይክ ነው፣ ጥርሳሙ ዓሣ። አንድ ሁለቴ ከሆነ ሌላ ጂግ አስራችሁ ቀጥሉ። ከደጋገመ ከሣሩ ራቁ፤ የሽቦ ክር ማሰር ይቻላል፣ ግን ዎልአዩም ይቀንሳል።

ጂጉ በየደቂቃው ድንጋይ ይይዘዋል

እየጎተታችሁት ነው። ወለሉን ንካ፣ ግማሽ ጫማ አንሣ፣ አቆይ፤ ይኸው ነው። ከተያዘ ባላችሁበት ሆናችሁ አትሳቡ፤ ከድንጋዩ ማዶ ቀዝፋችሁ እለፉና በመጣበት አቅጣጫ ሳቡት፣ ብዙውን ጊዜ ይወጣል። እንደዚያም ሆኖ ጂግ ይጠፋል፤ በርከት አድርጋችሁ ያዙ።

ዓሣው ተያዘ፣ ሥጋው ግን ለሰለሰ፣ ሸተተም

በገመድ ተሰክቶ ዳር ላይ፣ ፀሐይ ባሞቀው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሲሞት ስለዋለ ነው። የሚበላውን ያህል ብቻ አስቀሩ፣ ወዲያው ግደሉ፣ ደሙን አፍስሱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩ፣ በሰዓታት ውስጥም አብስሉት። ትልልቆቹን እንስቶች መልሱ፤ የሚቀጥለው ዓመት እንቁላል እነሱ ጋር ነው፣ ለመጥበሻም ከ15 እስከ 18 ኢንች ያለው ይጣፍጣል። ስንት መያዝና ምን ያህል ርዝመት ማስቀረት እንደሚቻል ደንቡ ስለሚቀያየር ከመንገድ በፊት የዓመቱን ተመልከቱ።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በዚህ ወቅት ብዙም አያስቸግርም፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ከዚያ በኋላ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ግን ጉዞውን ያቀደው ሰው ተጓዦቹን አስቀድሞ ይጠይቅ። ዱቄት፣ ጨውና ሚጥሚጣ በአንድ ላስቲክ፣ ዘይት በሌላ ዕቃ ያዙ፤ የሚጣል ጣሳና ጠርሙስ ወደዚያ ሥፍራ ማስገባት ክልክል ነው። አጥንቱንና ሆድ ዕቃውን ከድንኳኑና ከውሃው ዳር ርቃችሁ ቅበሩት፤ አካባቢው ድብ አለበት።