የወንጀል ክስ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል? በሰሜን ሸዋ እንዴት መለየት እንደሚቻል

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንዱ በሬ ሰረቀ፤ ሌላው በዚያው ቀን በሐሰተኛ የብር ኖት በሬ ገዛ እንበል። ሁለቱም የሚከሰሱት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ጉዳይ የክልል፣ የሁለተኛው የፌዴራል ነው።

በመጀመሪያ የክሱን ወረቀት አውጥተው ወንጀሉ ምን ተብሎ እንደተጠራና የትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰ ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የወንጀል ሕጉን ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመሆኑ ብቻ ወንጀሉ ሁሉ የፌዴራል ይመስለዋል። ሕጉን ማውጣት አንድ ነገር፣ መዳኘት ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ የወንጀሉን ዓይነት ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጋር ያስተያዩ። በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱና በአገር ደኅንነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ ሐሰተኛ ገንዘብ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር፣ የአውሮፕላን በረራን ደኅንነት የሚነካ ድርጊት የፌዴራል ናቸው። በመንዝ በድንበር ጠብ የተነሣ ድብደባ ወይም የሰው መግደል ግን፣ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን፣ የክልል ጉዳይ ነው፤ እንደ ክብደቱ በወረዳ ወይም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል።

የተፈጸመበትንም ቦታ በጥንቃቄ ይለዩ፤ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም ክልል አለና፣ በፍቼ በኩል የተፈጸመ የክልል ወንጀል ወደ ደብረ ብርሃን አይመጣም።

ጉዳዩ የፌዴራል ሆኖ ከተገኘ ግን አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ነው ማለት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች ሲቋቋም አማራ ክልል አልተካተተም፤ ስለዚህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ይሠራል። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ ዋና መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተደራቢነት ይይዛሉ። ይህ በተለምዶ «የውክልና ሥልጣን» ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት የነፍስ ግድያ ክርክር የሰማ ዳኛ ከሰዓት በኋላ በዚያው ወንበር የፌዴራል ክስ ሊሰማ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይግባኙም በዚያው መስመር ይሄዳል፦ የከፍተኛ ፍርድ ቤቱ የውክልና ውሳኔ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ክሱ ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ቀርቧል ብለው ካመኑ፣ ክሱ እንደተነበበ፣ «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከመስጠትዎ በፊት፣ መቃወሚያዎን ያንሡና በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ።