የድሮ ባቡር ጣቢያ የውሃ ማማ ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚሠራ

የእንፋሎት ባቡር ትልቁ ችግሩ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ የድንጋይ ከሰል ባነደደ ቁጥር ስድስት ሰባት ኪሎ ውሃ ያተናል። ማገዶ ቢተርፈው እንኳ ውሃ ካለቀ ጉዞው አበቃ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ያቋረጠው አንዱ ክፍል ጭራሽ በረሃ ነበር። የናፍጣ ሞተሮች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እስኪመጡ ድረስ በዚያ መስመር ላይ ውሃ ማግኘት የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ የእንፋሎት ዘመንን በጠረጴዛ ላይ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ከውሃ ማማ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ደግሞ እርጅና ያምርበታል።

የምንሠራው ከታች የድንጋይ ቤት፣ ከላይ በሪቬት (ራሱ ክብ በሆነ የብረት ችንካር) የተያያዘ የብረት ታንከር ያለው ነው። በዚያ ዘመን በብዙ አገር የተለመደ ዓይነት ነው። የአንድ የተወሰነ ጣቢያ ቅጂ አይደለም። አሮጌ ጣቢያ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ግን ሄዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ በእርምጃም ቢሆን ለኩ። ከዚያ የኔን ልኬት ተዉት።

መጀመሪያ መጠኑን እንወስን። በሞዴል ባቡር ዓለም በጣም የተለመደው 1 ለ 87 ነው። እውነተኛው 1 ሜትር ሞዴሉ ላይ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የኛ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር ለሞዴል የሚሠራው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይቀርበዋል። ለታንከሩ ትንሿ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ትበቃለች። ከዳር እስከ ዳር ስፋቷ 52 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ87 ስታባዙት 4.5 ሜትር ይመጣል። ለጣቢያ ታንከር የሚያሳምን መጠን ነው።

የድንጋዩን ቤት ከወፍራም ካርቶን ቁረጡ። አራት ግድግዳ፣ እያንዳንዱ 46 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 57 ሚሊ ሜትር ቁመት። በሩ 23 በ11 ይሁን። ፎም አትጠቀሙ፤ በኋላ የምንረጨው ስፕሬይ ቀለም ያቀልጠዋል። ግድግዳዎቹን በኮላ አያይዙና ጀሶ ከትንሽ ኮላ ጋር እንደ እርጎ አቅጥናችሁ በስሱ ቀቡ። ግማሽ ሲደርቅ በመርፌ የድንጋዮቹን መስመር ጫሩ። ድንጋዮቹን እኩል አታድርጓቸው። ማዕዘኑ ላይ ትልልቅ፣ መሀል ላይ ትንንሽ አድርጉ፤ ግንበኛም እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ከላይ ስድስት ስቴኪኒ በ54 ሚሊ ሜትር ቁረጡና በእኩል ርቀት አጋድማችሁ ለጥፉ። ታንከሩን የሚሸከሙት የብረት አግዳሚዎች እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሪቬቱ። ትዕግሥት የሚፈልገው ሥራ ይህ ነው፤ ግን ሞዴሉን ከተራ ቆርቆሮ የሚለየውም ይኸው ነው። ጠንከር ያለ ወረቀት 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቅዳጅ ቁረጡ። ለስላሳ ነገር ላይ አስቀምጡና በጀርባው በኩል፣ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ፣ ጠርዙን ተከትላችሁ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ ተጫኑ። ሲገለበጥ የሪቬት ራስ ይመስላል። ሦስት ዙር አድርጋችሁ ቆርቆሮዋ ላይ ጠቅልሉ። የላይኛው ዙር የታችኛውን በ1 ሚሊ ሜትር ይደርብ። የቁም መገጣጠሚያዎቹ በአንድ መስመር አይግጠሙ፤ እንደ ብሎኬት ይፈራረቁ። የቆርቆሮዋ ክፍት ጎን ወደ ታች ይሁን።

መሰላሉን ከቀጭን ሽቦ ሥሩ፤ ስፋቱ 4.6፣ የመርገጫዎቹ ርቀት 3.5 ሚሊ ሜትር። ባቡሩ ውሃ የሚሞላበትን ቧንቧ ደግሞ ፕላስቲኩ ያልተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፋችሁ ሥሩት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፤ የውሃ መለኪያው። ታንከሩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ተንሳፋፊው በሰንሰለት፣ በጠርዙ ላይ ባለች መዘውር አልፎ፣ ውጭ ካለው ጠቋሚ ጋር ታስሯል። ውሃው ሲጨምር ተንሳፋፊው ይወጣል፣ ጠቋሚው ግን ይወርዳል። ስለዚህ ሙሉ የሚለው ምልክት ከታች ነው፣ ባዶ የሚለው ከላይ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሞዴላችሁን ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስቡ። ዝገት በየቦታው አይወጣም። ውሃ የቆመበት፣ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ነው የሚወጣው። ጥላሸትም ጭስ የሚነካው ጎን ላይ ነው። ቡናማ ቀለም በየቦታው የተረጨበት ሞዴል አሮጌ ሳይሆን ቆሻሻ ነው የሚመስለው።

ታንከሩን መጀመሪያ ጠቆር ባለ ቡናማ ስፕሬይ ቀቡት። አንቲረስት ካገኛችሁ ቀለሙ ጥሩ ነው። ሲደርቅ መገጣጠሚያዎቹንና የታችኛውን ጠርዝ በውሃ አርጥቡና ጨው በተኑበት። ጨው ግድግዳው ሁሉ ላይ አይሂድ። ውሃው ሲደርቅ ጨው ተጣብቆ ይቀራል። ከላይ ግራጫ ስፕሬይ፣ ከሩቅ፣ በስሱ። ብሩሽ አይሆንም፤ ውሃ ያለው ቀለም ከሆነ ጨውን ያሟሟዋል። በደንብ ሲደርቅ ጨውን በጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ግራጫው ተልጦ ዝገቱ ብቅ ይላል፣ በእውነት የተላጠ ቀለም ነው የሚመስለው።

ሁለት ቀን አቆዩትና ፍሳሹን ጀምሩ። ከአንድ ሪቬት በታች በመርፌ ጫፍ ቡናማ የዘይት ቀለም ነጥብ አድርጉ። አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በነካ፣ ግን በጨርቅ በደረቀ ብሩሽ ቀጥታ ወደ ታች ሳቡት። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ፤ የታችኛውን ቀለም የሚያነሳ ከሆነ ስፕሬዩ ገና አልጠነከረም። አሮጌ ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው። ብርቱካናማው አዲስ ዝገት ነው፤ ዛሬም በሚያፈሱት ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ብቻ ይግባ። ውሃው ጨዋማ ወይም ኖራማ በሆነበት አገር ከዝገቱ አጠገብ ነጭ መስመር ይቀራል፣ ውሃው ተንኖ ኖራው ስለሚቀር። ለበረሃ ጣቢያ ይህ ነጭ መስመር ከዝገቱም ይበልጣል እላለሁ።

ጥላሸት ከከሰል ዱቄት ይሠራል። ፈጭታችሁ በአሮጌ ስቶኪንግ ንፉት፣ በደረቅ ብሩሽ ሐዲዱን ወደሚያየው ጎንና ታንከሩ ከድንጋዩ ወደ ውጭ በወጣበት በታች በኩል ንኩት። ጭሱ ወደ ላይ ሄዶ እዚያ ይታፈናል። የድንጋዩን እግር ደግሞ በተነፋ አፈር አቧራ አልብሱት። ከቧንቧው ስር ያለውን መሬት ግን ጠቆር አድርጉት፤ ሁልጊዜ ውሃ ይፈስበታል። እሳር ካለ እዚያ ብቻ ይብቀል።

ዱቄቱ እንዳይረግፍ የፀጉር ስፕሬይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት አንዴ እርጩበት። ዱቄቱን ትንሽ ያጠፋዋልና ጥላሸቱን መጀመሪያ ከምትፈልጉት አብዝታችሁ አድርጉ። ማማውን ሰሌዳው ላይ ከማጣበቃችሁ በፊት ያላችሁን ረጅሙን ባቡር በቧንቧው ስር አሳልፉ። ከነካ ቧንቧውን አጠፍ፣ ማማውን ራቅ አድርጉት።