የአለርጂ ኪኒን፣ የደም ቅባትና የጉበት ስብ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ብርዱ ሲበረታ ፋርማሲያችን የሚያስነጥሰውና ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ይበዛበታል። ብዙ ጊዜ ጣጣውን የሚያመጣው ሂስታሚን ነው፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር። የአለርጂ ኪኒንም እሱን ለማገድ ይዋጣል። ሂስታሚን ግን የምግብ ፍላጎትም ውስጥ እጁ አለበት፤ ስህተቱም እዚህ ጋ ይጀምራል።

የመጀመሪያው የአለርጂ ኪኒን ለመወፈር መዋጥ ነው። ከሁሉም በላይ ይሄ ያሳስበኛል። አንዲት ልጅ ሰርጓ ሊደርስ ሲል መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ባዶ የኪኒን ልጣጭ ፈታ አሳየችኝ። «ያቺን የምታወፍረዋን ስጠኝ» አለች። ሳይፕሮሄፕታዲን ይላል። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የአለርጂ መድኃኒት ነው» ስላት ደነገጠች። ጓደኛዋ ቫይታሚን ነው ብላ ነበር የሰጠቻት።

አንጎላችን ውስጥ «በቃ፣ ጠግበሃል» ከሚሉት መልእክተኞች አንዱ ሂስታሚን ነው። ኪኒኑ እሱን ዝም ሲያሰኘው ረሃብ ይለቀቃል። ከልክ በላይ የተበላውን ዳቦና ጣፋጭ ጉበት ትራይግሊሰራይድ ወደሚባል ስብ ይቀይረዋል። ከፊሉ ወደ ደም ይወጣል፤ ከፊሉ እዚያው ጉበት ላይ ይከማቻል። ፋቲ ሊቨር የምንለው ይሄ ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት አብሮ ከተዋጠ ደግሞ ይብሳል። እሱ የደም ስኳርም ይጨምራል፤ ሲወሰድ ከቆየ በኋላ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው፣ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ሂስታሚን ሲበዛ ጥሩ ነው» ማለት። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሂስታሚን መሥራት የማይችሉ አይጦች ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበሉ ጉበታቸው ላይ ስብ በዝቷል። በሌላ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያሉ አይጦች የደም ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ሳለ የደም ሥራቸው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ስብ ቀንሶ ተገኝቷል። አይጥ ላይ የታየውን ይዞ ለሰው ምግብና መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ፈርቶ የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥ። ለጥቂት ቀን ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ኪኒን የዋጠ ሰው ጉበቱ በስብ አይሞላም። አስም ያለበት ሰውማ ሐኪሙን ሳያማክር ምንም አያቁም።

«ቅባት ስለማልበላ አይመለከተኝም» የሚሉም አሉ። ጉበት ግን ከስኳርም ስብ ይሠራል። ቀጭን ሰውም ፋቲ ሊቨር ይይዘዋል፤ የጉበት የደም ምርመራው ደህና ሆኖ አልትራሳውንድ ላይ ስቡ የሚታይበት ጊዜም አለ።

ስለ ምርመራ ካነሳን፣ ከኮምቦልቻ በጠዋት ተነስቶ መናኸሪያ ላይ ፓስቲ በሻይ ቀምሶ ደም የሚሰጥ ብዙ ነው። በጾም የተለካ ትራይግሊሰራይድ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ150 ሚሊግራም በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከምግብ በኋላ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። በጾም ኑ ከተባላችሁ ማታ እራት በልታችሁ እስከ ጠዋት ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሱ፤ ፓስቲው ከምርመራው በኋላ ይደርሳል።