የሐር ልብስ ተጨማዷል? ካውያው ትንሽ ይቆይ

የመጀመሪያዋን የሐር ሸሚዜን የገደልኳት እኔው ነኝ። ቸኩዬ ነበር። ካውያው ጂንስ ተተኩሶበት ገና አልበረደም፤ አንስቼ ደረቷ ላይ አሳረፍኩት። የካውያው ጫፍ ቅርጹን ጥሎ ተነሳ። ቢጫ፣ ድርቅ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ።

ሽታው አይግረማችሁ። ሐርም እንደ ፀጉራችን ፕሮቲን ነው። እርጥብ ፀጉር ጎንጉናችሁ አድራችሁ ጠዋት ስትፈቱት ጥምዝምዝ ብሎ ይቀር የለ? ሐርም እንደዚያው ነው። እርጥበትና ሙቀት ያላሉታል፣ ሲደርቅ ደግሞ በያዘው ቅርጽ ይጸናል። ስለዚህ ጭምድዱን የሚፈታው የክንዳችሁ ጉልበት አይደለም። ትንሽ እርጥበት፣ ለስላሳ ሙቀት፣ ከዚያ እስኪደርቅ መታገስ ነው።

መጀመሪያ ውስጥ የተሰፋችውን ምልክት ተመልከቱ። እዚያ ላይ በተሳለችው የካውያ ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ ከ110 ዲግሪ አትለፉ ማለት ነው። ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ነው። ሐር ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ነው። የካውያው ሥዕል ተሰርዞ ከሆነ ጨርሶ አይተኮስም።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከመታጠቢያ ቤት ነው። ልብሱን በወፍራም መስቀያ ውሃ ከማይረጨው ቦታ እሰቅላለሁ፣ ሙቅ ውሃ እለቅና በሩን እዘጋለሁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ገና ሙቅ እያለ በመዳፌ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብዬ አለሰልሰዋለሁ። ከዚያ አለመልበስ ነው! እርጥበቱ ሳይወጣ ከለበሳችሁት ክርናችሁ ስትታጠፍ አዲስ ጭምድድ ትሠራለች፣ እሷም እዚያው ትደርቃለች። ለቀላል ጭምድድ ከዚህ የተሻለ መላ የለም።

የእንፋሎት ማሽን ካላችሁ ልብሱን ገልብጡት፣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ራቁ። ግን መጀመሪያ ማሽኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራችሁ ልቀቁት፤ ሲጀምር ውሃ የመትፋት አመል አለው። ሐር ላይ ያረፈች ጠብታ ስትደርቅ ዙሪያዋ ጠርዝ ያላት ምልክት ትተዋለች፣ እንባ የደረቀበት ጉንጭ ትመስላለች። እንዲህ ካጋጠማችሁ ነጠላዋን ቦታ አትሹ። ልብሱ የሚታጠብ ከሆነ ያንን ጎን ሙሉውን እኩል አርጥባችሁ አድርቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ማሽኑ ውስጥ ዲስትልድ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ፣ ብታደርጉ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ጣጣ አያመጣባችሁም።

መተኮስ ግድ ከሆነስ? በመርጫ ውሃ አትርጩበት። ፎጣ አርጥባችሁ በደንብ ጭመቁት፣ ልብሱን ውስጡ ጠቅልላችሁ ለአሥር ደቂቃ ተዉት። እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል። ደማቅ ቀለም ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ውስጠኛው ስፌት ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ልብሱን ለባለሙያ ስጡት።

አሁን ግልብጡን ዘርጉት፣ ላዩ ላይ ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ። ካውያውን አሳርፉ፣ አንሱ፣ አሳርፉ። አትጎትቱት፤ ሐር ይለጠጣልና ስፌቱ ይጣመማል። ኮሌታ ላይ ከጫፍ ወደ መሃል ሂዱ፤ ከመሃል ወደ ጫፍ ከገፋችሁት ትርፉ ጨርቅ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ትንሽ እጥፋት ይሆናል፣ እሷን ማስለቀቅ ደግሞ መከራ ነው። እጅጌው ውስጥ ትንሽ ፎጣ ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ ከትከሻ እስከ አንጓ የሚወርደው ያ የማያምር መስመር አይወጣም።

በፀጉር መተኮሻ ኮሌታ የሚያስተካክሉ ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ! ብዙዎቹ 200 ዲግሪ ይደርሳሉ። የሐር ቬልቬት ከሆነ ደግሞ ካውያ አይነካውም፤ እንፋሎት ብቻ።

ሐር ከታጠበም በኋላ አይጨመቅም። ሲርስ ይደክማል። በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ በመዳፍ ተጫኑት፣ ጥላ ቦታ ስቀሉት። እንዲህ ከደረቀ ለካውያ የሚተርፈው ሥራ ትንሽ ነው።

ያቺ የሞተች ሸሚዝ? አንድ እጅጌዋን ቆርጬ አስቀርቻለሁ። ካውያውን መጀመሪያ የምሞክረው እሷ ላይ ነው።