በምዕራብ ካናዳ የመኪና ጉዞ ላይ የእሳት አደጋ መኪናዎችን ፎቶ ማንሣት

ከቫንኩቨር ተነሥቶ በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና እስከ ዊኒፔግ የሚዘልቀው መንገድ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብሪትሽ ኮሎምቢያን፣ አልበርታን፣ ሳስካችዋንንና ማኒቶባን ያቋርጣል። በዚህ መስመር ላይ ያሉት የእሳት አደጋ መኪናዎች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ቢመስሉም፣ ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን እያንዳንዳቸው የሚያገለግሉበትን ቦታ ጠባይ ያሳያሉ። የከተማው መኪና ረጅም መሰላል ይሸከማል፤ የቧንቧ መስመር በማይደርስበት ሜዳማ ገጠር የሚሠራው ትልቅ የውሃ ቋት ይጭናል፤ በደን የተከበበች ከተማ ደግሞ ለሰደድ እሳት የሚሆን፣ በጠባብና በሸካራ መንገድ የሚገባ አነስተኛ መኪና ታቆማለች። ጥሩ ፎቶ የምለው ይህን ልዩነት የሚያሳየውን ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያነጣጥረውም ወደዚያው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከጉዞው በፊት ነው። በትልልቅ ከተሞች ጣቢያዎቹ ሌሊትና ቀን ሠራተኛ ስለማይለያቸው፣ በር አንኳኩቶ በትሕትና መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በትንንሽ ከተሞች ግን እሳት የሚያጠፉት በአብዛኛው ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው፣ ጣቢያው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ለከተማው አስተዳደር ወይም ለጣቢያው አለቃ ደብዳቤ ይላኩ፤ ማን እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያልፉና ፎቶውን ለምን እንደሚፈልጉ በአጭሩ ይግለጹ። ብዙ የበጎ ፈቃደኞች ጣቢያዎች በሳምንት አንድ ምሽት ልምምድ ስላላቸው፣ ጉዞውን ከዚያ ምሽት ጋር ማገጣጠም ከተቻለ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም፤ መኪናዎቹ ወጥተው፣ መሣሪያው ተዘርግቶ፣ የሚያስረዳ ሰውም አጠገብዎ ቆሞ ያገኛሉ። ቀጠሮ ሲይዙ የሰዓቱን ልዩነት አይርሱ፤ በጁንና በጁላይ ከቫንኩቨር ወደ ካልጋሪ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ማስኬድ አለበት።

ከጣቢያው ሲደርሱ የራስዎን መኪና ከመውጫ በሮቹ ፊትና ከመውጫው መንገድ ርቀው ያቁሙ። ትራይፖድም (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ሆነ ቦርሳ በሮቹ ፊት ለፊት መሬት ላይ አይተዉ፤ የጥሪ ድምፅ ሲሰማ ዕቃዎን ይዘው ወደ ዳር ወጥተው፣ መኪናው እስኪሄድ ድረስ ባሉበት ይቁሙ። መኪናውን ወደ ውጭ እንዲያወጡልዎ ሊጠይቁ የሚገባው ሠራተኞቹ ሥራ ያልበዛባቸው ሲመስል ብቻ ነው። ካወጡልዎ ግን የጎን መዝጊያዎቹ ሁሉ እንዲዘጉና የፊት ጎማዎቹ እንዲቃኑ በትሕትና ይጠይቁ፤ ይህ ትንሽ ነገር ፎቶውን ከችኮላ ሥራ ይለየዋል።

ከሁሉም የላቀው ጉዳይ ብርሃኑ ነው። መኪናው ፊቱና አንድ ጎኑ አብረው እንዲታዩ ሰያፍ ሆኖ ቆሞ፣ ፀሐይዋም ከጀርባዎ በአንዱ ትከሻዎ በኩል ስትመጣ ሁለቱም ገጽታዎች ይበራሉ። የጣቢያው በር ወደየት እንደሚያይ አስቀድመው በሳተላይት ካርታ ላይ ቢመለከቱ ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ ወደ ሰሜን የሚያይ በር አብዛኛውን ቀን በጥላ ውስጥ ይውላልና፣ እንዲህ ላለው ጣቢያ በጁን ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ መድረስ ይሻላል። እንደ ሬቭልስቶክና ጎልደን ባሉ በተራራ መካከል በሚገኙ ከተሞች ፀሐይ ከሸንተረሩ በላይ ለመታየት ስለምትዘገይ ረፋዱን መጠበቅ ያስፈልጋል። በሳስካችዋን ሜዳ ግን ምሽቱ ረጅምና ዝቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል፤ ከመኪናው ኋላ የእህል ማከማቻ ማማ ከተገኘ ቦታውን ለመግለጽ ከዚያ የበለጠ ምልክት አያስፈልግም።

ካሜራውን ከዓይን ከፍታ ዝቅ አድርገው በመኪናው የፊት መብራት ልክ ይያዙት። በጣም ቀርቦ በሰፊ ሌንስ ማንሣት የመኪናውን ፊት አሳብጦ ኋላውን ያኮስሰዋልና፣ ራቅ ብለው ከ50 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ባለው ሌንስ ይጠቀሙ፤ መኪናው 10 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ይህ አንዳንዴ መንገድ ተሻግሮ መቆምን ይጠይቃል። ቀይ ቀለም በካሜራ ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚሞላና ዝርዝሩን ስለሚያጣ፣ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሰው ያንሡ፤ የቀዩን መስመር በሂስቶግራም፣ ማለትም ካሜራው የብርሃኑን መጠን በሚያሳይበት ግራፍ ላይ፣ ለብቻው ይመልከቱ። ፖላራይዘር ማጣሪያ ከቀለሙና ከመስታወቱ ላይ የሰማዩን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ በክሮም ላይ ግን ይህን ያህል አይሠራም። ፍላሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በጎኑ ላይ የተለጠፈው አንጸባራቂ ሰቅ ብርሃኑን ወደ መጣበት ስለሚመልሰው፣ ሰቁ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፣ የቀረው መኪናም ይጨልማል። የአደጋ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም የሚሉ በመሆናቸው በፈጣን ሹተር ጠፍተው ሊወጡ ይችላሉ፤ ለቆመ መኪና ከ1/60 እስከ 1/125 ሴኮንድ ባለው ፍጥነት ደጋግመው ያንሡና ሁለት ሦስቱ መብራት አብረው የበሩበትን ይምረጡ።

ብዙ ሰው ሙሉ መኪናውን አንሥቶ ይሄዳል፤ እኔ በበኩሌ የፓምፑን ሰሌዳ፣ ማለትም የውሃው ፓምፕ መቆጣጠሪያዎችና መለኪያዎች ያሉበትን ገጽ፣ ያላነሣሁበትን ጉብኝት ግማሽ ሥራ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በብዙ የካናዳ መኪናዎች ላይ የፓምፑ ኃይል በደቂቃ በሚገፋው ኢምፔሪያል ጋሎን ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ኢምፔሪያል ጋሎን 4.5 ሊትር ያህል ሲሆን የአሜሪካው 3.8 ገደማ ነው፤ ስለዚህ 840 ወይም 1050 የሚል ቁጥር ሲያዩ እንግዳ አይሁንብዎ፣ በአሜሪካ መለኪያ 1000 እና 1250 ጋሎን በደቂቃ ከሚባሉት ፓምፖች ጋር በኃይል የተቀራረቡ ናቸው። የአምራቹንም ሰሌዳ ያንሡ። ፎርት ጋሪ የዊኒፔግ፣ ሀብ ደግሞ በቫንኩቨር አቅራቢያ ያለችው የአቦትስፎርድ አምራች በመሆናቸው፣ የዚህ መንገድ ሁለቱ ጫፎች የየራሳቸውን መኪና የሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በአሮጌ መኪናዎች ላይ የአልበርታዋን የሬድ ዲርን ሱፒርየርንም ሊያገኙ ይችላሉ። በበሩ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም፣ የጣቢያው ቁጥርና የመኪናው መለያ አብረው ይመዝገቡ።

በመንገድ ላይ ሥራ የያዘ መኪና ሲያጋጥምዎ ጉዳዩ ሌላ ነው። መብራቱን አብርቶ የቆመ የአደጋ መኪና ሲያልፉ በብሪትሽ ኮሎምቢያ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እና ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ወደ 70፣ ከዚያ በታች ከሆነ ወደ 40 መቀነስ ግዴታ ነው፤ በአልበርታና በሳስካችዋን ከ60 ማለፍ አይፈቀድም፤ በማኒቶባም ገደቡ 80 እና ከዚያ በላይ ሲሆን 60፣ ከዚያ በታች ሲሆን 40 ነው። እየነዱ ካሜራ ወይም ስልክ መያዝ አይገባም፤ ሳይረን የሚያሰማ መኪናንም ተከትሎ መሄድ አደገኛ ነው። ከአደጋው ቦታ ርቀው በሕጋዊ ማቆሚያ ቆመው ካነሡም፣ የተጎጂዎች ፊትና የታርጋ ቁጥር በፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ድሮን የያዘ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል። በካናዳ ሕግ ከሰደድ እሳት በ9.3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ ማብረር የተከለከለ ሲሆን፣ ምክንያቱም ውሃ የሚያራግፉት አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ነው፤ በባንፍና በዮሆ ብሔራዊ ፓርኮችም ያለ ፈቃድ አይፈቀድም። በጭስ ቀናት ብርሃኑ ወደ ብርቱካንማ ስለሚያደላ ፎቶውን በሮው ፋይል (ካሜራው የቀዳውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት ዓይነት) ያስቀምጡና ቀለሙን በኋላ ያስተካክሉ፤ የጭሱን ቀለም ሙሉ በሙሉ ግን አያጥፉት፣ ጭሱም የዚያ ቀን ማስረጃ ነው።

ዊኒፔግ ሲደርሱ በሜፕል ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በተሠራ ጣቢያ ውስጥ የሚገኘውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሙዚየም ይጎብኙ። ወደ ቤትዎ እንደተመለሱም በመንገዱ ላይ ላስተናገደዎት ለእያንዳንዱ ጣቢያ፣ ቀኑንና የመኪናውን መለያ ጽፈው፣ የተሻሉትን ሦስት ወይም አራት ፎቶዎች በሙሉ ጥራታቸው ይላኩ።