«ኮልድ» የሚለው ቃል ሲያጋጥማችሁ

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ በሐኪምና በአማርኛ ተናጋሪ ታካሚ መሀል ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ክረምት ሲገባ እንደ እንግሊዝኛው «ኮልድ» ግራ የሚያጋባ ቃል የለም። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ ከቃሉ በፊት የመጣውን አድምጡ። «አይ አም ኮልድ» ካላችሁ በረደኝ ነው፤ ነርሷ ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች። «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል ነው። ያቺን ትንሿን «ኤ» አትዋጧት።

«ብርድ ብርድ ይለኛል» ግን ከሁለቱም ይለያል። ትኩሳት የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ነው፤ እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ቺልስ» ይላል። እባካችሁ ይህችን አጥኗት። «ኮልድ» ብቻ ብላችሁ ካለፋችሁ ሐኪሙ ክፍሉ ቀዝቅዞባቸው ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ቺልስ» ሲሰማ ግን ኢንፌክሽን ይጠረጥራል። በቅርቡ አገር ቤት ቆላ ወርዳችሁ ከነበረም ሳትጠየቁ ንገሩት፤ ወባ መመርመር አለበት።

«ጎኔን ብርድ መታኝ» የሚለውን ደግሞ ቃል በቃል አትመልሱት። ምንም አይገባውም። የቱ ጋ እንደሚያማችሁ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ስትተነፍሱ ይብስ እንደሆነ ንገሩት። እሱ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ከሁሉ የምወደው «ኮልድ ሶር» ነው። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል። እኛ ምች መታኝ እንላለን፤ እናቶቻችንም ፀሐይ ነው ብለው ዳማከሴ ያሹልናል። እንግሊዝኛው በብርድ ያሳብባል። ቁስሉን የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው። ሰውነት ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ትኩሳት፣ ድካም ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝ ብቅ ይላል። እናቶቻችን ስለ ፀሐይዋ እውነት አላቸው። ቁስሉ እስኪድን ግን አራስ ቤት ሄዳችሁ ሕፃን አትሳሙ፤ ለጨቅላ አደገኛ ነው።

ከክሊኒክ ስትወጡ ነገሩ ይቀላል፤ ብዙው ከኛው አባባል ጋር ይገጥማል። በሰው ሐሳብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ እነሱም ጋ አለ። «ኮልድ ሾልደር» ሰጠችኝ ካለ ፊት ነሳችኝ ማለቱ ነው። «ኮልድ ፊት» ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ «ፊት» እዚህ እግር ነው። ሠርጉ ሲደርስ ወኔው የከዳው ሙሽራ ላይ ይነገራል። «ኢን ኮልድ ብለድ» ገደለ ከተባለ ደግሞ የኛን «በደም ፍላት» ገልብጡት፦ ሆን ብሎ፣ ረጋ ብሎ፣ ያለ ርኅራኄ።

«ኮልድ ተርኪ» ከዶሮ ዘመዱ ጋር አይገናኝም። ሱስን በአንዴ እርግፍ አድርጎ መተው ነው። ሲጋራ በዚህ መንገድ የሚተው አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን መጠጥን እንዲህ በድንገት ካቆመ ሊያንቀጠቅጠው፣ አልፎም ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

አንድ ቦታ ላይ መንገዳችን ይለያያል። እኛ «ንዴቷ በረደላት፣ ቀዝቅዛለች» ስንል ደግ ወሬ ነው። «ሺ ኢዝ ኮልድ» ብላችሁ ካወራችሁ ግን አንጀት የላትም እያላችሁ ነው። «ሺ ካልምድ ዳውን» በሉ።

አጠናኑ ላይ ምክሬ አጭር ነው። ቃሉን ነጥላችሁ አትያዙ፤ ሐረጉን እንዳለ፣ ከነአረፍተ ነገሩ ጻፉት። ማታ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ በሉት። ልጆቻችሁ እዚህ ያደጉ ከሆነ እነሱ ያርሟችሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

«አውት ኮልድ» የሚባልም አለ፤ ራሱን ስቶ ተዘርሯል ማለት ነው። ሲነገር ልትሰሙት ትችላላችሁ። ለድንገተኛ እርዳታ 911 ስትደውሉ ግን እሱን ተዉት። «ሂ ኢዝ ኖት ዌኪንግ አፕ» በሉ፣ አድራሻችሁን ንገሩ፣ ቀጥሎም «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያስገቡላችሁ።